የድሮ ማስል ካር ኦሪጅናል የፍሬን ቫልቭ እንዴት ይታደሳል

ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ማስል ካር የሚያድስ ሰው ለሞተሩና ለቀለሙ ገንዘቡን አይሰስትም። ፍሬኑም ላይ ቢሆን ማስተሩን፣ ካሊፐሩን፣ የእግር ሲሊንደሮቹንና ቱቦዎቹን በአዲስ ይቀይራል። ከማስተሩ ዝቅ ብሎ የታሰረውን የናስ ቫልቭ ግን አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርገዋል። ወይ ላዩን ጠርጎ ሳይከፍት መልሶ ያስረዋል፤ ወይ አውጥቶ ይጥልና ለሁሉም መኪና ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ አዲስ ቫልቭ ይገዛል። የመጀመሪያው ሕይወትን ከሃምሳ ዓመት በላይ ለኖረ ጎሚኒ አደራ መስጠት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ፋብሪካው ለዚያ መኪና ክብደት፣ ለዚያ ዲስክና ለዚያ ታምቡሮ ለክቶ ያስቀመጠውን ግፊት አሽቀንጥሮ መጣል ነው።

ሦስተኛ መንገድ አለ። ቫልቩን መክፈት፣ መመርመር፣ የሚድን ከሆነ ማደስ፣ የማይድን ከሆነም ይህንን መኪናው መንገድ ላይ ሳይወጣ ማወቅ ነው። ይድናል አይድንም የሚለውን የሚወስነው የውጭ መልኩ አይደለም፤ ፒስተኑ የሚንሸራተትበት ውስጠኛው ቤት ነው። ላዩ አረንጓዴ ዝገት የለበሰ ቫልቭ ውስጡ እንደ አዲስ ሆኖ ይገኛል፤ ላዩ የሚያብለጨልጭም ውስጡ ተበልቶ ሊገኝ ይችላል።

በእጅዎ ያለው የትኛው ነው?

ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት መኪናዎ ላይ ያለው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ 389 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 6.4 ሊትር ግድም የሆነ ቪ8 ሞተር ተሸክሞ በአራት ታምቡሮና በአንድ የዘይት መስመር ብቻ ነበር የሚቆመው። አንድ ቱቦ ከተቀደደ አራቱም ጎማ ፍሬን አልባ ይሆናል። የፊትና የኋላ መስመር እንዲለያይ የሚያስገድደው የአሜሪካ ፌዴራል የደህንነት ደንብ ከጥር 1968 መባቻ ጀምሮ ለተመረቱ መኪኖች ጸና፤ አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ግን በ1967 ሞዴላቸው ላይ ቀድመው አስገብተውት ነበር። ስለዚህ የ1967 እና ከዚያ ወዲህ ያለ መኪና ከሆነ፣ አራቱም እግር ታምቡሮ ቢሆን እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ ቫልቭ ይኖረዋል።

ማስጠንቀቂያ ቫልቩ ቀላል ነገር ነው። በናሱ ቀፎ መሐል አንድ ትንሽ ፒስተን አለ፤ በአንድ ጎኑ የፊት መስመር፣ በሌላው የኋላ መስመር ግፊት ይገፋዋል። ሁለቱ እኩል እስከሆኑ ድረስ መሐል ላይ ይቆማል። አንዱ መስመር ካፈሰሰ ፒስተኑ ግፊት ወዳጣው ወገን ይሸሻል፤ ሲሸሽ ከላይ የገባችውን የስዊች መርፌ ይነካና የዳሽቦርዱ መብራት ይበራል።

ፊቱ ዲስክ የሆነ መኪና ደግሞ ተጨማሪ ቫልቮች ያስፈልጉታል። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይወረወራል፣ የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ። የኋላ ታምቡሮ በባሕርይው ሸራውን ራሱ እየጎተተ ኃይሉን ስለሚያበዛ ከፊቱ ቀድሞ ሊቆልፍ ይችላል፤ የኋላው ቀድሞ ሲቆልፍ መኪናው ይዞራል። ይህንን የሚከለክለው መመጠኛ ቫልቭ ነው፤ ከተወሰነ ግፊት በኋላ ወደ ኋላ የሚሄደው ግፊት ከፊቱ ባነሰ ፍጥነት እንዲጨምር ያደርጋል። በ1965 ፎርድ ሙስታንግ ላይ በተጨማሪ ክፍያ ይገጠም የነበረው የኬልሲ ሄይስ ዲስክ ፍሬን ገና በአንድ መስመር ዘመን እንኳ ይህ ቫልቭ በኋላ ቱቦው ላይ ነበረው። ሌላው ማዘግያ ቫልቭ ነው። የታምቡሮ ሸራ ከመልስ ሞላው ጋር ታግሎ ነው ታምቡሮውን የሚነካው፤ ዲስክ ግን ወዲያው ይይዛል። ማዘግያው ግፊቱ ወደ 100 ፒኤስአይ አካባቢ እስኪደርስ የፊቱን ይዞ ያቆይና ሁለቱ አንድ ላይ እንዲሠሩ ያደርጋል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ እነዚህ ሦስቱ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ታስረው ነበር የሚገኙት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ቀፎ የተሰበሰቡበት ጥምር ቫልቭ እየተለመደ መጣ። ጥምሩ አንድ ብልሃት አለው፦ የፊት መስመር ሲሞት የማስጠንቀቂያው ፒስተን ሲሸሽ ዘይቱ መመጠኛውን አልፎ ይሄዳል፤ የኋላ ፍሬን ሙሉ ግፊት ያገኛል። ይህ ሥራ በፒስተኑ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ውስጥ ገብቶ የደረቀ ፒስተን መብራት ከማጥፋት የከፋ ጉዳት ያመጣል።

የፋብሪካዎቹ የጥገና መጻሕፍት ጥምር ቫልቭ አይጠገንም፣ በሙሉው ይቀየር እንደሚሉ ልንገርዎ። በዚያ ዘመን አዲሱ በየሻጩ መደርደሪያ ላይ ስለነበር ምክሩ ትክክል ነበር። ዛሬ ኦሪጅናሉ ስለጠፋ ነው የምንከፍተው። ስለዚህ የሚከፍት ሰው ፋብሪካው ያልወሰደውን ኃላፊነት እንደወሰደ ማወቅ አለበት። ያለ ግፊት መለኪያ ጌጅ ጥምር ቫልቭ አድሶ መንገድ ላይ መውጣትን እኔ አልመክርም።

ማውጣት

መጀመሪያ ፎቶ ያንሱ። ከላይ፣ ከጎን፣ ከታች፤ የትኛው ቱቦ የትኛው ቀዳዳ ውስጥ እንደገባ በግልጽ የሚታይበት። ከዚያ በእያንዳንዱ ቱቦ ላይ የወረቀት ምልክት ይለጥፉ። ከማስተሩ የሚመጡት ሁለት ቱቦዎች እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ተለዋውጠው ቢገቡ መመጠኛው የፊቱን ፍሬን መቀነስ ይጀምራል።

መከላከያውንና የሞተሩን ክፍል ቀለም በውሃ በራሰ ጨርቅ ይሸፍኑ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ጠብ ካለ በውሃ ይጠቡት፤ በደረቅ ጨርቅ ማሸት ጉዳቱን ያሰፋዋል።

የቱቦ ዳዶዎችን በተራ ክፍት ቁልፍ አይንኩ። ለቱቦ ዳዶ የተሠራ፣ ስድስቱንም ጎን የሚይዝና ቱቦው የሚገባበት ክፍተት ያለው ቁልፍ ያስፈልጋል። ዝገት ማላቀቂያ ከውጭ ነፍተው ማሳደር ይቻላል፤ ቫልቩ ሲከፈት ግን ያ ዘይት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ማጽዳት ግድ ነው፤ የነዳጅ ዘርያ ያለው ማንኛውም ዘይት የፍሬን ጎሚኒን ያሳብጣል። ዳዶው ሲዞር ቱቦውም አብሮ ከተጠማዘዘ ያቁሙ። ቱቦውን ዳዶው ጥግ ላይ ቆርጠው በስድስት ጎን ቡሽ ቁልፍ ይፍቱት። ቱቦ ርካሽ ነው፣ የናሱ ጥርስ ግን አይተካም።

አገር ቤት በጃፓንና በጣሊያን መኪና ላይ ሙያውን ለተማረ መካኒክ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የእነዚህ የአሜሪካ መኪኖች ጥርስ በኢንች ነው። የ3/16 ኢንች ቱቦ ዳዶ በብዛት 3/8 ኢንች ሆኖ በኢንች 24 ጥርስ አለው፤ የ1/4 ኢንቹ ደግሞ 7/16 በ24 ነው። የመጀመሪያው በጃፓን መኪና ላይ ከሚታወቀው 10 ሚሊሜትር በ1.0 ዳዶ ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ አንዱ በሌላው ውስጥ ጥቂት ዙር ይሄዳል። የሚሊሜትሩ ዳዶ በቁልፍ ተገዶ ናሱ ውስጥ ሲገባ ጥርሱን ይልጠዋል። የቱቦው አፍም በ45 ዲግሪ ድርብ ሆኖ የታጠፈ መሆን አለበት፤ በአውሮፓ መኪኖች የሚታየው ክብ አፍ እዚህ አይዘጋም። ዳዶ በጣት ብቻ ብዙ ዙር ካልገባ በቁልፍ አይግፉት።

መክፈት

ቫልቩን ሞርሳ ላይ ሲያስሩ የሞርሳውን ጥርስ በእንጨት ወይም በአልሙኒየም ይሸፍኑ። ናስ ለስላሳ ነው፤ ቀፎው በትንሹ ከተጨመቀ ፒስተኑ ይያዛል።

በቅድሚያ የሚወጣው ስዊቹ ነው። ይህን ቅደም ተከተል አጥብቀው ይያዙ። ከላይ የገባው ስዊች ጫፉ ላይ ያለችው መርፌ በፒስተኑ ወገብ ላይ በተቆረጠው ቦይ ውስጥ ተኝታለች። ስዊቹ ሳይወጣ ፒስተኑን የሚገፋ ሰው ወይ መርፌዋን ይሰብራል፣ ወይ የፒስተኑን ቦይ ጠርዝ ይጭረዋል። ስዊቹ ወጥቶ መብራት ይዘው በቀዳዳው ወደ ውስጥ ቢመለከቱ የቦዩን ሁለት ተዳፋቶች ያያሉ። ቦዩ ልክ በቀዳዳው መሐል ከሆነ ፒስተኑ መሐል ነው። ወደ አንዱ ጎን ከሸሸ ቫልቩ በአንድ ወቅት ሥራውን ሠርቶ የመለሰው ሰው አላገኘም ማለት ነው። ስዊቹ በነበረበት ቀዳዳ ዘይት ከታየ ደግሞ ከፒስተኑ ኦሪንጎች አንዱ አልቋል፤ ያ ክፍል ሁልጊዜ ደረቅ መሆን አለበት።

ቀጥሎ የጫፉ መድፈኛ ብሎን ይፈታል። ከሥሩ ያለውን የመዳብ ማሸጊያ ቀለበት አይጣሉ፤ ለአዲሱ መለኪያ ይሆናል። በአንዳንዶቹ ፒስተኑ በእንጨት ዱላ ቀስ ብሎ ሲገፋ ይወጣል። ከደረቀ ቀፎውን በአልኮል ነክረው ያሳድሩት፤ ከዚያ ሌሎቹን ቀዳዳዎች ዘግተው በአንዱ ቀዳዳ በትንሹ የኮምፕረሰር አየር ይስጡት። ግፊቱን ከ30 ፒኤስአይ አያሳልፉ፤ የቫልቩን አፍ በወፍራም ጨርቅ ውስጥ ይያዙ፤ የዓይን መከላከያ ያድርጉ። በብረት ዱላ አይምቱት።

ጥምር ቫልቭ ከሆነ የመመጠኛው ጫፍ ሞላ አለው፤ ብሎኑ ሊያልቅ ሲል ይገፋል። ብሎኑን በእጅዎ ተጭነው ይፍቱ፤ የሚወጣውን እያንዳንዱን ነገር በወጣበት ቅደም ተከተል ነጭ ጨርቅ ላይ ያሰልፉ፤ የጎሚኒው ከንፈር ወደየት እንደሚያይ ፎቶ ያንሱ። ሞላውን አይቀይሩ፣ አይለጥጡ፣ ከሥሩ ቀለበት አይጨምሩ። የኋላው ግፊት የሚቀንስበትን ነጥብ የወሰነው የዚያ ሞላ ጉልበትና የፒስተኑ ስፋት ነው፤ ሞላውን የነካ ሰው የመኪናውን የፍሬን ሚዛን ለውጧል።

ጠርዙ ተጠቅልሎ የተዘጋ፣ ብሎን የሌለው ማዘግያ ወይም መመጠኛ ቫልቭ ካጋጠመዎት ደግሞ አይክፈቱት። ፋብሪካው አጥፎ የዘጋውን ጠርዝ በቤት መሣሪያ ከፍቶ በተመሳሳይ ጥንካሬ መልሶ መዝጋት አይቻልም። እንዲህ ያለውን በጌጅ ይፈትኑት፤ ካለፈ ይገጠማል፣ ካላለፈ ለዚህ ሥራ ማሽን ወዳለው ባለሙያ ይላካል።

የፒስተኑን ቤት መመርመር

ጊዜዎን እዚህ ላይ ያጥፉ። ቤቱን በአልኮልና ክር በማይተው ጨርቅ ያጽዱ፤ ከዚያ ቀጭን የእጅ ባትሪ በአንድ ጫፍ አብርተው በሌላኛው ይመልከቱ።

የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል። መኪና ዓመታት ቆሞ ሲቀር ያ ውሃ ከዘይቱ ጋር በቤቱ ወለል ላይ ተኝቶ ይቆያል። ስለዚህ ጉዳቱን ቫልቩ መኪናው ላይ ታስሮ በነበረበት አቅጣጫ ታችኛው ጎን ላይ ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ሦስት ነገር ሊያዩ ይችላሉ። ቡናማ ወይም ጥቁር የመልክ ለውጥ ብቻ ከሆነ ምንም አይደለም፤ በጣት ሲዳሰስ ልስልስ ነው፤ ይተውት። ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ከሆነ በአልኮል አርሰው በእንጨት ጫፍ ይፋቁትና ከሥሩ ያለውን ይመልከቱ። ከሥሩ ጥቃቅን ጉድጓድ ካለ ደግሞ የት እንዳለ ይለኩ።

ጉድጓዱ ኦሪንጉ የሚቀመጥበትና የሚንሸራተትበት ቦታ ላይ ከሆነ ያ ቫልቭ አብቅቷል። ከኦሪንጉ መንገድ ውጭ፣ ዘይት ብቻ በሚያልፍበት ክፍል ከሆነ ችግር የለውም። ይህን ለማወቅ ፒስተኑን ያለ ኦሪንግ መልሰው ያስገቡትና የኦሪንጉ ቦይ መሐል ላይ ሲቆምና ወደ ሁለቱም ጫፍ ሲሸሽ የት የት እንደሚደርስ በዱላ ላይ ምልክት ያድርጉ። የቀጭን ሽቦ ጫፍ በጉድጓዱ ላይ ሲጎተት ካዝ ካደረገ ኦሪንጉም ያንን ያውቀዋል፤ ፍሬን በኃይል ሲረገጥ መስመሩ ውስጥ ከ1,000 ፒኤስአይ በላይ ሊፈጠር ይችላል፣ ያ ግፊት ደግሞ ጠባብ ጭረትን ፈልጎ ያገኛል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሲሊንደር መሞረጃ ድንጋይ ያነሳል። አያንሱ። መሞረድ ቤቱን ያሰፋዋል፤ ኦሪንጉ የሚጨመቀው ደግሞ በሚሊሜትር ክፍልፋይ ነው። ለመልክ ለውጥና ለስስ እድፍ እጅግ ደቃቅ የብረት ማለስለሻ ጨርቅ በእንጨት ዱላ ላይ ጠቅልሎ በዙሪያው ጥቂት ማሸት ይበቃል፤ በርዝመቱ አይሹት፤ በርዝመት የተሠራ ጭረት ለዘይቱ ቀጥተኛ መንገድ ነው። ቱቦዎቹ ወደ ቤቱ የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች ጠርዝም ይዳስሱ፤ ሹል ጠርዝ ካለ አዲሱን ኦሪንግ ሲገባ ይቆርጠዋል።

ቤቱ የተበላ ከሆነ ማይዝግ ብረት እጅጌ የሚያስገቡ ባለሙያዎች አሉ፤ ነገር ግን የጎን ቀዳዳዎቹ በትክክል መከፈት ስላለባቸው ሥራው ቀላል አይደለም። አለበለዚያ ለዚያው ሞዴልና ዓመት ተብሎ የተሠራ ቅጂ ይግዙ፤ ኦሪጅናሉን ከመኪናው ሰነዶች ጋር በሣጥን ያስቀምጡ። ለኤግዚቢሽን መልክ ሲባል የተበላ ቫልቭ መኪና ላይ መግጠም የሰው ሕይወት ላይ መፍረድ ነው።

ማጽዳት

ቀፎውን በአልኮል ወይም ክሎሪን በሌለው የፍሬን ማጽጃ ይጠቡ። ክሎሪን ያለበት ማጽጃ ከብየዳ ወይም ከእሳት ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ስለሚሰጥ ከጋራዡ ቢወጣ ይሻላል። በእያንዳንዱ መተላለፊያ የናይለን ብሩሽ ያሳልፉ፤ ከዚያ በደረቅ አየር ያንፉ። አሸዋ ወይም የመስታወት ብናኝ በሚነፋ ማሽን ላዩን ማጽዳት የሚፈልግ ሰው ቀዳዳዎቹን ሁሉ በብሎን ይዝጋ፤ አንዲት ቅንጣት በመመጠኛው መቀመጫ ላይ ብታርፍ ቫልቩ አይዘጋም።

ላዩን እንደ መስታወት አያወልውሉት። ከፋብሪካ ሲወጣ የማሽን ጭረት የሚታይበት ደብዘዝ ያለ ናስ ነበር። በቀፎው ላይ የታተሙ ቁጥሮችና የሠሪው ምልክት ኦሪጅናልነቱን የሚመሰክሩ ናቸው፤ ማወልወያ ማሽን ደግሞ መጀመሪያ የሚያጠፋው እነሱን ነው። ቀፎው የብረት ከሆነ ዝገቱን አስለቅቀው ወዲያው ያድርቁት፤ ቀለም ከቀቡ ቀለሙ ጥርስና መቀመጫ ላይ እንዳይደርስ ይጠንቀቁ።

መልሶ መግጠም

ኦሪንግ ሲገዙ መጠኑ ብቻ አይበቃም። ለተለመደው የፍሬን ዘይት የሚሆነው ኢፒዲኤም የተባለው ጎማ ነው። በየሃርድዌር ሱቁ የሚገኘው ጥቁር ኦሪንግ አብዛኛው ናይትራይል ነው፤ ለነዳጅና ለሞተር ዘይት ጥሩ ሆኖ በፍሬን ዘይት ውስጥ ግን ያብጣል፤ ፒስተኑም ይያዛል። ሁለቱ በዓይን አይለዩም፤ ስለዚህ ዓይነቱ በማሸጊያው ላይ ካልተጻፈ አይግዙ። ለቫልቭዎ ሞዴል የተዘጋጀ የጥገና ስብስብ ከታመነ ሻጭ መግዛት ይሻላል።

ዘይቱንም አሁን ይወስኑ። ዶት 3 እና ዶት 4 ይቀላቀላሉ፤ ያልተከፈተ ዶት 3 ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ዶት 4 ቢያንስ 230 ሳይደርስ አይፈላም፤ እርጥበት ሲገባባቸው ግን ዝቅተኛው ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ቀለም አይልጥም፣ ውሃ አይመጥጥም፣ ለቆሞ ማደር ይመቻል፤ ነገር ግን ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ ጥቃቅን የአየር አረፋም ይይዛል። ሁሉም ጎሚኒና ቱቦ አዲስ ካልሆነ ወደ ሲሊኮን አይሻገሩ። ዶት 5.1 ስሙ ቢመሳሰልም ሲሊኮን ሳይሆን የእነ ዶት 4 ወገን ነው።

ኦሪንጉንና ቤቱን በንጹሕ የፍሬን ዘይት ያርሱ፤ ግሪስ አይቅቡ። ኦሪንጉ በቦዩ ውስጥ ሳይጠማዘዝ መተኛቱን በጥፍርዎ ዙሪያውን ይፈትሹ። ፒስተኑን ወደ ውስጥ ሲገፉ በትንሹ ወዲያና ወዲህ እያሽከረከሩ ይግፉ። ኦሪንጉ የጎን ቀዳዳ ጋ ሲደርስ በጣትዎ ላይ ትንሽ የመላላት ስሜት ይሰማዎታል፤ እዚያ ላይ ቀስ ይበሉ። ካለፈ በኋላ መልሰው አውጥተው ይዩት፤ የተላጠ ስስ ጥቁር ክር ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ከቀረ ኦሪንጉ ተቆርጧል፤ ጠርዙን አለስልሰው በሌላ ኦሪንግ ይጀምሩ። የጫፉን ብሎን በአዲስ መዳብ ቀለበት ይዝጉ።

ስዊቹን ከመመለስዎ በፊት ፒስተኑን መሐል ያድርጉ፤ በስዊቹ ቀዳዳ የቦዩን ሁለት ጠርዝ እኩል ማየት አለብዎት። ስዊቹን በእጅዎ ያስገቡ፤ ካልገባ መርፌዋ ፒስተኑ ትከሻ ላይ አርፋለች፣ አያስገድዷት። ከገባ በኋላ መልቲሜትር አንድ ጫፉን ስዊቹ ላይ፣ ሌላውን ቀፎው ላይ ያድርጉ፤ ፒስተኑ መሐል ከሆነ ግንኙነት መኖር የለበትም።

መኪናው ላይ

ቱቦዎቹን ሁሉ በጣትዎ አስገብተው ሲያበቁ በቁልፍ ያጥብቁ። ማስተሩን ከመግጠምዎ በፊት ሞርሳ ላይ አየሩን ማስወጣት ሥራውን እጅግ ያቀለዋል። ከዚያ በእግር አየር ማውጣት ይጀመራል፤ የፊትና የኋላ መስመር በተለዩባቸው በእነዚህ መኪኖች ከሩቁ ወደ ቅርብ ነው፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። የድሮ ታምቡሮ ሲከፍቱ አቧራውን በአየር አያንፉ፤ የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

በዚህ ጊዜ ፔዳሉን እስከ ወለል አይርገጡ። በአንድ ወገን የአየር ማውጫ ብሎን ተከፍቶ ሳለ በኃይል የተረገጠ ፔዳል ፒስተኑን ወደ ተከፈተው ወገን ይወረውረዋል። ለአንዳንድ ቫልቮች በስዊቹ ቦታ ገብታ ፒስተኑን መሐል የምትይዝ ትንሽ ፕላስቲክ መሣሪያ ትሸጣለች፤ ካገኙ ይጠቀሙባት። በግፊት ታንከር አየር የሚያወጡ ከሆነ ማዘግያው የፊቱን መስመር ይዘጋብዎታል፤ በጫፉ ያለችው ዘንግ በአንዳንዶቹ ተስባ፣ በአንዳንዶቹ ተጭና መያዝ ስላለባት የሞዴልዎን የጥገና መጽሐፍ ይመልከቱ።

ሲያበቁ መብራቱ ከበራ ፒስተኑ ሸሽቷል። መመለሻው ይህ ነው፦ መጨረሻ የከፈቱት የፊት ከሆነ አሁን ከኋላ አንዱን የአየር ማውጫ ብሎን ይክፈቱ፤ ቁልፉን አብርተው አንድ ሰው መብራቱን እያየ ፔዳሉን በጣም ቀስ ብሎ ይጫን። መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት ያቁም፤ እርስዎም ብሎኑን ይዝጉ። መጨረሻ የተከፈተው የኋላ ከነበረ ተቃራኒውን ያድርጉ። መብራቱ ጠፍቶ መቅረቱ አምፖሉ ከመቃጠሉም ሊሆን ስለሚችል ሽቦውን ከስዊቹ ነቅለው የመኪናውን ባዶ ብረት ያስነኩት፤ መብራት አለበት።

አሁን ጌጅ። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ የአየር ማውጫ ብሎን ቦታ ላይ እስከ 2,000 ፒኤስአይ የሚያነብ ጌጅ ያስገቡ፤ ፔዳሉን ደረጃ በደረጃ እያስጫኑ ሁለቱንም ይጻፉ። መመጠኛ ባለው መኪና መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ተቀራርበው ይወጣሉ፤ ከአንድ ነጥብ በኋላ የኋላው እያነሰ መሄድ ይጀምራል። ነጥቡና መጠኑ በእያንዳንዱ ሞዴል ስለሚለያይ ከመኪናው የጥገና መጽሐፍ ጋር ያስተያዩት። ሁለቱ እስከ መጨረሻው እኩል ከወጡ መመጠኛው አይሠራም፤ የኋላው ጭራሽ ካልተነሳ ተዘግቷል። በሁለቱም ሁኔታ መኪናው ከጋራዥ አይወጣም። ፔዳሉን አንድ ደቂቃ ያህል በኃይል አስይዘውም መርፌዎቹን ይመልከቱ፤ መውረድ የለባቸውም።

የመጀመሪያውን የመንገድ ሙከራ ባዶ በሆነ ሜዳ፣ በእግር ርምጃ ፍጥነት ይጀምሩ። ቀጥሎ ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያሳድጉና ከበድ አድርገው ይያዙ፤ ከውጭ የቆመ ሰው የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚቆልፍ ይይ። የኋላው ከቀደመ ወደ ጌጁ ይመለሱ። ተመልሰው ሲገቡ በጫፉ መድፈኛ ብሎን፣ በስዊቹ ሥርና በእያንዳንዱ ዳዶ ዙሪያ ነጭ ወረቀት ያስነኩ። ይህንኑ በማግስቱና ከሳምንት በኋላ ይድገሙት፤ በተለይ የስዊቹን ሽቦ ነቅለው ውስጡን ይመልከቱ፤ የውስጥ ኦሪንግ ማፍሰስ የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ ማስተሩ ከመጉደሉ በፊት ያዩታል። ከዚያ ወዲህ የተለመደውን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀይሩ፤ መኪናው ባይነዳም።